የእትዬ ማሽን ሹመት

«ኮምፒዩተሯ እኮ ጥሩ ናት፤ የባከነችው እሳቸው ጋ ነው።» እትዬ ይህን የሰሙት ፊታቸውን የሳሙና አረፋ ሸፍኖት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአንድ እጃቸው የቧንቧውን መክፈቻ እየዳበሱ ሳለ ነበር። መታጠቢያ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ ስስ ስለሆነ የምራታቸው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ግድግዳውን የነደፉት ራሳቸው ናቸው፤ ያኔ ቦታ ለመቆጠብ ብለው ስስ አድርገውት ይኸው ዛሬ ቅጣታቸውን አገኙ። «የእህታቸው ልጅ ሽቦ ዛሬ መጥታ ሰርቨር ታደርጋታለች። ጠረጴዛቸው ከተነሣ ደግሞ ሰርቨሯ እዚያው ጥግ ትቀመጣለች። እሳቸውስ ቢሆኑ ዕድሜ ልካቸውን ሠሩ፣ አሁን ቤት ቢያርፉ ምን ይላቸዋል?» እትዬ ቧንቧውን ዘጉና ልጃቸው ለእናቱ እንዴት እንደሚሟገት ለመስማት ጆሯቸውን አቀኑ። ልጃቸው ሻዩን ፉት አለ። «እስቲ ነገ እማዬን እናነጋግራታለን» አለ። ሳሙናው ዓይናቸው ውስጥ ገባ።

ይህ ልጅ ለሁሉ ነገር መልሱ ነገ ነው። የታመመ ጥርሱን ለማስነቀል ነገ፣ ለፈተና ለማጥናት ነገ፣ ሠርጉን እንኳ ነገ ነገ ሲል ሙሽራይቱ ራሷ ቀን ቆርጣ፣ አዳራሽ ተከራይታ፣ ሱፍ አስለክታው ነው ያገባችው። ምራታቸው የዛሬ ሰው ናት። ያሰበችውን ከምሳ በፊት ትጨርሰዋለች። እትዬ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ይህን ጠባይዋን ለሰው ሁሉ እያወሩ ይመኩበት ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ ቅልጥፍና ወደ ራሳቸው ጠረጴዛ ዞረ። ከዚያ ጠረጴዛ ከተነሡ በኋላ ቀኑን በምን ሊገፉት ነው? ሳሎን ተቀምጠው የጎረቤት በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሊቆጥሩ? ፊታቸውን አደራርቀው፣ የማይሸበሸበውን ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡ። ቁርስ ቀርቦ ነበር፤ አልራበኝም አሉ፤ ውሸታቸውን ነው።

መኪናው ውስጥ ልጃቸው እየነዳ፣ ምራታቸው ከጎኑ፣ እትዬ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ሌላ ቀን ቢሆን እስከ ቢሮ ድረስ የሚወራው አያልቅም፤ ያልተሠራው መንገድ ይረገማል፣ የጎማ ዋጋ ይወራል፣ አዲስ የተጀመረ ሕንፃ ሲያልፉ እትዬ «ይሄን ደግሞ ማን ሰገነት ብሎት ነው?» ብለው ይሳለቃሉ። ዛሬ የሚሰማው የመኪናው ሞተር ብቻ ነበር። «ነዳጅ እንደገና ጨመረ አይደል?» አለ ልጃቸው። ምራታቸው ዞር ብላ «እማማ፣ ዓይንዎ ቀልቷል፣ ደኅና ነዎት?» አለች። «ሳሙና ነው» አሉ እትዬ፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር።

ቢሮው ከፍራሽ መሸጫ ሱቅ በላይ ያለ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው። የቤት ፕላን ይነደፍበታል። እትዬ የከፈቱት በእርሳስና በማስመሪያ ዘመን ነው፤ ስማቸውን ትቶ ሁሉም እትዬ እያለ የሚጠራቸውም ከዚያ ጀምሮ ነው። አሁን ልጃቸው ኢንጂነር ሆኖ ትልልቁን ሥራ ይዟል፣ ምራታቸው ሒሳቡንና አስተዳደሩን ትመራለች፣ እትዬ ደግሞ ደንበኛ ያነጋግራሉ፣ የድሮ ንድፎችን ይጠብቃሉ፣ የወጣቶቹን ነዳፊዎች ስሕተት ይለቅማሉ። ማሽናቸው ጥቁር የብረት ሳጥን ናት፤ ብቻውን የሚያነሣት ሰው ወገቡን ይዞ ይውላል። ስትገዛ ከመኪናቸው ትወደድ ነበር። ለአዲሱ የንድፍ ፕሮግራም ቀርፋፋ ብትሆንም ውስጧ ያለው ሜሞሪ ዛሬም የሰዉን ላፕቶፕ ሁሉ ያስንቃል። እትዬ ደግሞ የሚሠሩባት ደብዳቤ መጻፍና የድሮ ንድፍ ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ምራታቸው ባክናለች ማለቷ እውነትነት ነበረው፤ እትዬንም ያንገበገባቸው ይሄው ነው።

ሰርቨር የሚባለው ነገር ለዚያ ቢሮ እንዳስፈለገ ማንም አይክድም። እስከዚያ ቀን ድረስ ንድፍ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚሄደው በፍላሽ ነበር። አንዱ «የመጨረሻ» ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው አስተካክሎ «የመጨረሻ የመጨረሻ» ይለዋል፣ ኢንጂነሩ ደግሞ በራሱ ላፕቶፕ ላይ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚል ይዞ ይገኛል። ኮሪደሩ ላይ ቀኑን ሙሉ «እውነተኛው ማን ጋ ነው?» የሚል ጩኸት ነው። በቅርቡ የተሳሳተው የመጨረሻ ወደ ግንባታ ቦታ ሄደና አንድ ጎበዝ ግንበኛ ምንም ሳይጠይቅ እንደተሳለው ሠራው፤ ደረጃው ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ጋር ተላተመ። ምራታቸው ያን ቀን ነው የቆረጠችው። ሁሉም ሥራ አንድ ማሽን ላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም ከየጠረጴዛው እዚያው ይከፍታል፣ ነገር አለቀ። የአዲስ ሰርቨር ዋጋ ሲጠየቅ ሻጩ የጠራው ቁጥር ኢንጂነሩን ሳል በሳል አደረገው፤ የእትዬ ማሽን ያኔ ታወሰች።

ሽቦ የእትዬ የእህት ልጅ ናት። ኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቅ አላት፣ ስሟ ከሥራዋ ነው ወይስ ከቅጥነቷ እስካሁን አልተለየም። ምንም ያህል ብትበላ አንድ ግራም አትጨምርም፤ መብላቱን ግን ተስፋ አልቆረጠችበትም። ዳቦዋን እየገመጠች ገባችና የማሽኗን ጎን በመፍቻ ከፍታ አቧራውን በመንፊያ ስትነፋው ክፍሉ ጭጋግ ለበሰ። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ትራስ ይሞላል፤ ታች ላሉት እንሽጥላቸው!» ብላ ሳቀች። እትዬ አልሳቁም። ሽቦ ያረጀውን ማራገቢያ ቀየረች፣ ሁለት አዳዲስ ዲስኮች ገጠመች፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሙሉውን ይዞ እንደሚገኝ አስረዳች። ከዚያ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ነቅላ ወደ ዳር አደረገቻቸው። «ከእንግዲህ እነዚህን አትፈልጋቸውም» አለች።

«እንዴት ነው ታዲያ የምትሠራው?» አሉ እትዬ። «ማንም ፊቷን ሳያያት?»

«ሰርቨር እንደዚህ ነው። ሁሉም ያዛታል፣ ማንም አያያትም። ጡረታ እንዳይመስልሽ አክስቴ፣ ሹመት ነው።»

እትዬ ወደ ምራታቸው ጠረጴዛ ተመለከቱ። «እንዲህ ያለውን ሹመት አውቀዋለሁ» አሉ። ምራታቸው ቀና አለች፤ ነገሩ እሷን እንደሚነካ ገብቷታል፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ሽቦ በበኩሏ ዳቦዋ ላይ ነበረች። «ፋይሎችሽን ወደ አዲሱ ዲስክ ልገልብጣቸው ነው። ሰው እንዲያየው የማትፈልጊው ነገር አለ? አሁን ንገሪኝ» ስትል ጠየቀች። ጥያቄው ለወጉ የሚጠየቅ ነበር፤ እትዬ ግን አኩርፈው ስለነበር እንደ ስድብ ቆጠሩት። «እኔ ምን የምደብቀው አለኝ? ከሰው ጀርባ የማወራው የለኝም! እንዳለ ገልብጪው!» አሉ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። ሽቦ ትከሻዋን ነቀነቀችና ሁሉንም እንዳለ ገለበጠችው።

እዚህ ላይ የእትዬን አመል መናገር ግድ ነው። እትዬ የሰው ስም አይዙም። አንድ ሰው ስሙን ሦስቴ ነግሯቸው ሲወጣ በሩ ላይ ይጠፋባቸዋል። የሰው ጠባይ ግን አይረሱም። ስለዚህ ማሽኗን ከገዙበት ቀን ጀምሮ የየደንበኛውን ሥራ የሚያስቀምጡበት ፎልደር ስሙ የደንበኛው ስም ሳይሆን የደንበኛው ጠባይ ነው። «መስኮት የማይጠግበው» አለ። «አማቱን የሚፈራው» አለ። «ወጥ ቤት ይስፋ ባይዋ»፣ «ጎረቤቱን ለማናደድ ፎቅ የሚሠራው»፣ «ሚስቱ ያላየችው ፕላን» ሁሉም አለ። ሥራ ሲፈለግ እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰውየው እንዴት እንዳስቸገራቸው ያስታውሳሉ፣ ከዚያ በአንዴ ያገኙታል። ስክሪኑን ከእሳቸው በቀር የሚያየው ስላልነበረ ለማንም አስረድተው አያውቁም። እንዳለ ገልብጪው ሲሉ ታዲያ ያሰቡት ስለ ምራታቸው እንጂ ስለ ፎልደሮቹ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ አንድ የዳቦ ቤት ባለቤት ከሚስቱ ጋር መጣ። ዳቦ ቤቱን የነደፉለት እትዬ ናቸው፤ አሁን በላዩ ላይ ሁለት ፎቅ ሊጨምር አስቧል፤ ሥራው ለእነሱ ይሰጥ ወይስ ለሌላ ቢሮ የሚወሰነው በዚያ ቀን ነበር። ቢሮው ደግሞ ከወራት ወዲህ የአጥር ፕላን ብቻ እየሠራ ሰንብቷል። ሰውየው ሰፊ፣ ጥርሱን በቀላሉ የማያሳይ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ መጀመሪያ አንዱን ሞክሮ ወደ ሌላው የሚዛወር ነው። ሚስቱ ዝምተኛ ናት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለል ወለሉን ታያለች። ኢንጂነሩ ከሁለቱ ፊት ቆሞ ክራቫቱን አስተካከለና ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ስክሪን አበራ። «ከዛሬ ጀምሮ አሠራራችን ዘምኗል። የእርስዎ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አንድም ሳይጎድል እዚህ አለ፤ አሁኑኑ ላሳይዎት» አለና የሰርቨሯን ማውጫ ከፈተው።

የፎልደሮቹ ስም ከላይ እስከ ታች ግድግዳውን ሞላው። እትዬ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ኢንጂነሩ ማስተካከል እችላለሁ ብሎ ማውዙን ያዝ ለቀቅ አደረገ፣ ማውጫው ይበልጥ ሰፍቶ ወጣ። ምራታቸው በእጇ አፏን ሸፈነች። ባለ ዳቦ ቤቱ መነጽሩን አወጣ፣ ጠረገው፣ አደረገው፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እያነበበ መጣና አንዱ ላይ ቆመ። ሥሩ የዳቦ ቤቱ ምስል በትንሹ ይታያል፣ መካድ አይቻልም። «ዛሬ እሺ ነገ እምቢ» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበው። «ይሄ እኔ ነኝ?»

እትዬ ከዚያ ጠረጴዛ የሚያስነሣቸው አንድ ምክንያት ይፈለግ ከነበረ ይኸው ራሳቸው አምጥተው ሰጡ። ጠዋት የያዛቸው ሐዘን አሁን ወደ ፍርሃት ተለወጠ፤ እግራቸው እንኳ ወደ ደረጃው ይጎትታቸው ጀመር። ያኔ ነው ያቺ ዝምተኛ ሚስት ሳቅ የጀመረችው። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቦርሳዋ ከጭኗ ወደቀ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ እየመታች ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ይሄን ስም ያወጣው ማነው? እጁን ልሳምለት! ከተጋባን ጀምሮ እሱን የሚገልጸው ቃል አጥቼ ነው ዝም ያልኩት እኮ!» አለች።

እትዬ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። «እኔ ነኝ እመቤቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎም ጌታዬ። ስም አይያዝልኝም፤ በክፋት አይደለም።»

ባለ ዳቦ ቤቱ ግን ሚስቱንም እሳቸውንም ትቶ ፎልደሩን ክፈቱት አለ። ተከፈተ። ውስጡ «የመጀመሪያው እሺ»፣ «እምቢ»፣ «እሺ እንደገና»፣ «ሚስቱ ሳትሰማ እሺ» የሚሉ ንድፎች ተደርድረዋል። ሰውየው እያንዳንዱን አይቶ ጢሙን አሻሸ። «ደረጃውን በውስጥ አድርገን ያየነው፣ በኋላ እኔ አይሆንም ያልኩት፣ እሱም ተጥሎ አልጠፋም?» አለ። እትዬ «ኧረ ምን በወጣው! እርስዎ አንድ ነገር እምቢ ሲሉ ተመልሰው እንደሚመጡበት ስለማውቅ ነው የማስቀምጠው» አሉ። ይህን ካሉ በኋላ ምላሳቸውን ነከሱ። ሰውየው ዞሮ አያቸው። ጥርሱ በመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ፊት ለፊት አንዱ የለም። «ሥራው የእናንተ ነው። ውሉን አሁኑኑ አምጡልኝ፤ ነገ እምቢ ሳልል!» አለ።

ሰዎቹ ሲወጡ ቢሮው ገበያ ሆነ። ሁሉም እየተንጋጋ የራሱን ፍለጋ ገባ፤ እትዬ የሠራተኛውንም ነገር የሚያስቀምጡት እንደዚያው ነበርና። ሽቦ «በልታ የማይታወቅባት» የሚለውን አግኝታ በኩራት አስነበበች። ኢንጂነሩ «ነገ» የሚል ፎልደር ሲያገኝ መጀመሪያ የቀጠሮ መያዣ መስሎት ነበር፤ ውስጡ የትምህርት ቤት ውጤቱና የሠርጉ ፎቶ ሲወጣ ሰው ሁሉ አንጀቱን ያዘ። «እማዬ፣ ይሄን ስም ትቀይሪልኛለሽ» አለ። «ነገ» አሉ እትዬ። ከጠዋት ጀምሮ ጥርሳቸው የታየው ያን ጊዜ ነው።

ምራታቸው ከሌሎቹ ጋር አልሳቀችም። ጠረጴዛዋ ላይ ተጎንብሳ ማውጫውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ቆየች። ሥራው ሲያበቃ፣ እትዬ በኮሪደሩ ጥግ ባለችው ትንሽ ማጠቢያ ብርጭቆ ሲያለቀልቁ፣ ከኋላቸው መጥታ ቆመች። ፎጣውን አነሣች፣ ብርጭቆ ማድረቅ ጀመረች፣ የደረቀውንም እንደገና አደረቀችው።

«እማማ፣ የእኔ የለም» አለች በመጨረሻ። «ለመንገደኛው ሁሉ ስም ሲያወጡለት፣ ለእኔ ቦታ ጠፋ?»

እትዬ ውኃውን ዘጉት። ብልኃት ያለው ሰው ቢሆን ነገሩን በዘዴ ይይዘው ነበር፤ እሳቸው ግን ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሯቸው ላይ ይዘውት የዋሉት ወጣ። «አንቺስ ለእኔ ወንበር ጠፋብሽ አይደል?» አሉ። «ባክናለች አልሽ። ቤት ቢያርፉ ምን ይላቸዋል አልሽ። ምን እንደሚለኝ ልንገርሽ፤ ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ስቀመጥ እፈራለሁ። ሥራ ስለምችል አይደለም የምመጣው። እናንተ ያላችሁበት እዚህ ስለሆነ ነው።»

ምራታቸው ፎጣውን አስቀመጠች። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ አንገቷ፣ ከዚያ ጆሮዋ። «ሰምተውኛል» አለች። ለማስተባበል አልሞከረችም፤ እትዬም ይህን ቆጠሩላት። «እማማ፣ እኔ ደክሞዎት ነው ብዬ... አይ፣ እሱም ውሸት ነው። ስለ ጠረጴዛው ብቻ ነው ያሰብኩት። ስለ እርስዎ አላሰብኩም። አፍሬያለሁ።»

«ማፈሩ ደግ ነው» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሶ ነበር። «አሁን ሂጂና ‹የራሴ› የሚለውን ክፈቺ።»

ከፈተችው። የእትዬ የመነጽር ማዘዣ አለ፣ የሞቱት እናታቸው ፎቶ አለ፣ ለራሳቸው ነድፈው ያልሠሩት የአትክልት ቤት አለ። ከእነዚህ ጋር ተደባልቆ የእሷ የዲግሪ ወረቀት ቅጂ አለ፣ ታማ የተኛች ጊዜ ሐኪሙ የጻፈላት ማዘዣ አለ፣ አንድ ቀን ዕቃ እያጠበች እንደ ቀልድ የተመኘችው፣ መስኮቱ ወደ ግቢው በር የሚያይ ወጥ ቤትም ተነድፎ ተቀምጧል። እትዬ ከኋላዋ ቆመው «ከእኔ ነገር ለይቼ የት ላስቀምጥሽ?» አሉ። ምራታቸው ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ እትዬም ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት።

ትንሽ ቆይቶ ኢንጂነሩ ሰርቨሯን ነቅሎና ታቅፎ እያቃሰተ መጣ። «የእማዬን ጠረጴዛ እናውጣና እዚያ ጥግ እናስቀምጣት፤ ወይም ለጊዜው ኮሪደሩ ላይ ትደርና ነገ...» አለ። ሚስቱ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ተነሣች። «ነገ የለም። ጠረጴዛቸው ከቦታው አይነቃነቅም። ለእሳቸው የእኔን ላፕቶፕ አድርጉላቸው፣ ለእኔ ትርፍ የተቀመጠው አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃኛል። ይህችን እዚህ አምጣት፣ እኔ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች።» ሽቦ ገመዱን በግድግዳው ጥግ እየጎተተች እሺ አለች። ማሽኗ ገባች፣ ተሰካች፣ ማራገቢያዋ ጮኸና ቀስ በቀስ ድምፅዋ ረጋ። ምራትየው ወንበሯን ስታስጠጋ ጉልበቷ ከብረቱ ጋር ተጋጨ።

«ቦታ ታጣብብብሻለች፤ ቀኑን ሙሉም ታጉረመርምብሻለች» አሉ እትዬ።

«ታጉረምርም፣ ለምጄዋለሁ» አለች ምራታቸው፣ ሳቅና ለቅሶዋ ሳይለይ።

እትዬ ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው ተቀመጡ፣ ወንበራቸውን አመቻቹ፣ ከዚያ እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግተው ባዶውን ቦታ ሲያገኙት ቅር አላቸው። «ጫማሽን አውልቂና አስጠጊያት» ብለው ለምራታቸው ተናገሩ። «እግር ስታሞቅ ልዩ ናት። ያን ሁሉ የብርድ ወቅት ሰው ሁሉ ‹እትዬ እኮ ከሥራቸው ንቅንቅ አይሉም› ሲል፣ እኔ የማልነሣው እግሬን ብርድ እንዳይመታኝ ነበር።»